የኦቶሴ ዝዮች

ይድረስ ባሕር ተሻግረው ብራዚል አገር ማሪሊያ ለሚኖሩት፣ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ ታላቅ ወንድሜ ለቶኩታሮ ሃቺያ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ያ ዝናብ ሲያንዣብብ የሚጠዘጥዝዎ ጉልበት ተሻለው ወይስ አሁንም ሰማዩ ሳይጠቁር ወሬ ያቀብልዎታል? እትዬ ፉሚኖስ እንደምን ናቸው? ባለፈው ደብዳቤ ዓይናቸው እንደደከመ ጽፈውልኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ሆኖብኛል። ልጆቹስ፣ የልጅ ልጆቹስ፣ ያ ፎቶግራፉ ላይ ምላሱን ያወጣው ትንሹስ? ጥጡስ ዘንድሮ እንዴት ያዘ? ትሉ ራራላችሁ?

እኔ ጣቶቼን ከሚቆረጥመኝ ብርድ በቀር ደኅና ነኝ። እዚህ የክረምቱ ነጎድጓድ ከባሕር በኩል ማጉረምረም ጀምሯል፤ የጥዶቹ ቅርንጫፍ በረዶ እንዳይሰብረው በገመድ ታስሯል፤ እኔም ፍጅሉን በጨው ከድኜ ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ሹሄይም ከነሚስቱ ደኅና ነው ይላሉ። «ይላሉ» ማለቴ ታናሽ ወንድማችን ሁለት ሰፈር አልፎ እየኖረ ካናገረኝ አምስት ሳምንት ስላለፈው ነው። የዚህ ደብዳቤ ነገርም እሱ ነው።

በነሐሴ የጻፉት ደርሶኛል። «አባታችን የሰበሰቧቸውን ሥዕሎች ለኦሳካው ነጋዴ ለአቶ ኢናጋኪ ስጡ፤ የቤቱ በኩር እኔ ነኝ፤ ቃሌ አንድ ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስተኛውን ጊዜ ጮክ ብዬ ለአባባ ፎቶግራፍ አነበብሁላቸው። እያነበቡ ልብዎ እንዳይንጠለጠል መልሴን ከወዲሁ ልንገርዎ፦ ዝዮቹን አልሸጥሁም። አልሸጥምም። ከዚህ በኋላ የሚያነቡት ለምን እንደሆነ ነው። መቆጣትዎ ካልቀረ ተቀምጠው ይቆጡ፤ ለጉልበትዎ ይሻላል።

አባባ ለሠዓሊው ለሺራኦ ኬይዛን የነበራቸውን ፍቅር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው፣ ከዚህ ከተማ ውጭ ስሙን የሚያነሣ እምብዛም የሌለ ሰው። እማማ «የሌላው ባል ቁባት ያስቀምጣል፤ የእኔው የሞተ ሽማግሌ ያስቀምጣል» ትል አልነበር? አንዱን ሥዕል ከከሰረ ሳኬ ጠማቂ ቤት ገዙ። አንዱን ከጨርቅ ለቃሚ ኮሮጆ ውስጥ ጎትተው አወጡ። አንዱን ደግሞ አንዲት መበለት የተቀደደ የወረቀት መስኮቷን ልትለጥፍበት ስትል ከእጇ ነጥቀው በአንድ ጆንያ ሩዝ ለወጡት፤ ያን ክረምት ምን እየበላን እንዳለፍን አይረሱትም። በአርባ ዓመት ሃያ ስድስት ሆኑ። ከእነዚያ ዘጠኙ ዝዮቹ ናቸው፤ አጨዳ ባለቀበት የሩዝ ማሳ ላይ የሚለቅሙ፣ የሚጣሉ፣ አንገታቸውን ክንፋቸው ሥር ቀብረው የሚያንቀላፉ። እርስዎ ወደ ብራዚል በተነሡበት ጠዋት እንግዳ መቀበያው ላይ ተሰቅላ የነበረችው፣ ነፋስ ከፊት የሚገፋት ዝይ ከእነሱ አንዷ ናት።

አባባ ባረፉ በዓመቱ፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ አቶ ኢናጋኪ መጣ። ጫማውን አውልቆ ሳይጨርስ ዓይኑ ግድግዳ ላይ የሚዞር ሰው ነው። ሃያ ስድስቱንም ዘረጋንለት። ዐሥራ ሰባቱን «ደግ ናቸው» ብሎ አለፈና ዝዮቹ ፊት ሲደርስ ተንበረከከ። «ኬይዛን ኬይዛን የሆነው እዚህ ላይ ነው» አለ። ሹሄይ ቀና ብሎ አየኝ፤ ልጁን ቶኪዮ ልኮ የማስተማር ሕልሙ ፊቱ ላይ ሲበራ አየሁ። አልፈርድበትም። ስምምነታችን እንዲህ ነበር፦ ዘጠኙን ትል ነካክቷቸዋልና ከጀርባና ከዳር የተለጠፈውን አሮጌ ልብሳቸውን ገፍፌ አዲስ ሐርና ወረቀት አለብሳቸዋለሁ። ከዚያም በየሣጥናቸው ክዳን ላይ «የሺራኦ ኬይዛን የእጅ ሥራ መሆኑን የሃቺያ ቤት ይመሰክራል» ብዬ በብሩሽ እጽፋለሁ። ሥዕል በማልበስ አራት ትውልድ የቆየ ቤት እንዲህ ብሎ ከጻፈ ማን ይጠራጠራል? እኔም እሺ አልሁ። እሺ ማለቴን አልደብቅዎትም።

በዝናቡ ወር የመጀመሪያውን ፈታሁ። የጀርባው ወረቀት ተልጦ ሐሩ እርጥብ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ያለውን ነገር ከአባባ ሥር ሆነው አይተውታል፤ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይሳሳል፤ የሠዓሊው እጅ የት እንደቸኮለ፣ የት እንደፈራ ሁሉ ይታያል። ከአጨዳ የተረፈችው እያንዳንዷ የሩዝ አገዳ አንዲት የብሩሽ ጭረት ናት፤ ከሥሯ ወፍራም ሆና ትነሣለች፣ ጫፏ ላይ ትሳሳለች። በቀኝ እጁ የሚስል ሰው ሲቸኩል ጭረቱ ወደ ቀኝ ይሮጥለታል፤ ወደ ግራ ሲሆን ይንቀረፈፍበታል። እነዚህ ግን ተገልብጠዋል። ወደ ግራ የሚሄዱት ነፋስ ናቸው፤ ወደ ቀኝ የሚሄዱት ያነክሳሉ። ሁለተኛውን ፈታሁ፤ ያው ነው። ዘጠኙንም ፈትቼ ጨረስሁ፤ ዘጠኙም ያው። ከዚያ ሌሎቹን ዐሥራ ሰባት አወጣሁ፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ይሮጣሉ፤ የኬይዛን ፊርማም ወደ ቀኝ ይሮጣል። ወንድም ጋሼ፣ ዝዮቹን የሣላቸው ኬይዛን አይደለም። ግራኝ የሆነ ሌላ ሰው ነው።

«እስከ ዛሬ ማንም ያላየውን አንቺ እንዴት አየሽው?» ይሉ ይሆናል። ሌሎቹ ማኅተሙን አይተው ዓይናቸውን ያሳርፋሉ። እኔ ግን ራሴ ግራኝ ነኝ። አምስት ዓመት ሲሞላኝ እማማ ግራ እጄን በመቀነት ከወገቤ ጋር እያሰረች፣ «ግራኝ ሴት ባል አታገኝም» እያለች ስታለቅስ፣ ከጓዳው በር ጀርባ ቋጠሮውን ይፈቱልኝ የነበሩት እርስዎ ነበሩ። ተይዘው ሲገረፉም እኔ ነኝ የፈታሁት ብለው አልተናገሩም፣ እሷ ናት ብለውም አላሳበቡ። በመጨረሻ በቀኜ መብላትም መጻፍም ተማርሁ። ያቺ የታሰረች እጅ ግን ነገር አትረሳም፤ እነዚያን ጭረቶች ሳይ ከጣቴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ።

ለሹሄይ ነገርሁት። ጨርሶ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «እታለም፣ ማኅተሙ የማን ነው?» አለኝ። የኬይዛን ነው አልሁት። «በቃ! ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባላል። ኬይዛን ከመቶ ዓመት በፊት ማኅተሙን መትቶ ጨርሶታል። አንቺ ክዳኑ ላይ ጻፊና እንገላገል» አለኝ። አቶ ኢናጋኪ ደግሞ ከኦሳካ ስልክ ደወለ። «ወይዘሪት ሃቺያ፣ ገዢ የሚገዛው ዝይ አይደለም። ዝይ ያማረው ገበያ ይሄዳል። የሚገዛው ስም ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ መከረኝ። ለእኔ! ትል የበላውን ሐር ስጠግን ላረጀሁት! ሳይከፈት፣ አየር ሳያገኝ፣ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠው ነው የሚነቅዘው፤ በዓይኔ ያየሁትን ማን ያስተምረኛል? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ኬይዛን ወደተቀበረበት ቤተ መቅደስ ሄጄ መነኩሴውን ለመንኋቸው። አሮጌውን የሙታን መዝገብ አውጥተው ከጎኔ ተቀምጠው ገለጡልኝ። ስለ ኬይዛን ሦስት ገጽ ተጽፏል፤ የት እንደተማረ፣ የትኛው መስፍን ምን እንደሸለመው፣ ምን ሲበላ እንደሞተ ሳይቀር። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ አንዲት መስመር አለች፦ «ሴት ልጅ፣ ኦቶሴ። ኖቶ ውስጥ ለጀልባ ሠሪ የተዳረች።» ከአጠገቧ የመንደሩ ስም አለ። ስለ እሷ የተጻፈው ይኸው ነው። መነኩሴው «ሌላ ምን ፈለግሽ?» ሲሉኝ «የጎደለውን» አልኋቸው።

ሩዝ ታጭዶ እንዳለቀ ወደ ኖቶ ተነሣሁ። መጀመሪያ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ። መንደሯ ባሕር ላይ ልትወድቅ የደረሰች ናት። የጀልባ ሠሪዎቹ ቤት የትኛው ነው ብዬ ስጠይቅ ወይዘሮ ታዜ ወደሚባሉ የሰማንያ ሦስት ዓመት አሮጊት ላኩኝ፤ ድንጋይ ላይ የባሕር አረም እያሰጡ ደረስሁባቸው። ኦቶሴ የምትባል ሴት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቀና ሳይሉ፣ «የእናቴ እናት ናት። ምን አደረገችሽ?» አሉኝ። ሠዓሊ እንደነበረች ልጠይቅ መጣሁ ብላቸው፣ «ሠዓሊነቷን እንጃ። ግራኝ መሆኗን ግን መንደሩ በሙሉ ያውቃል» አሉ።

ወንድም ጋሼ፣ አረሙን እኔም አብሬ እያሰጣሁ የነገሩኝን ልንገርዎ። ኦቶሴ ከአባቷ ቤት ሦስት ጊዜ ታጨች፤ ሦስት ጊዜም መለሷት። አንደኛው ቤት ሩዝ በግራ ስትበላ አይተው፣ ሁለተኛው ሻይ በግራ ስትቀዳ፣ ሦስተኛው ወሬውን ከሁለተኛው ሰምተው ሳያዩዋት። በእነዚያ ዓመታት ምን ትሠራ እንደነበር ወይዘሮ ታዜ አያውቁም፤ «አባቷን ታግዝ ነበር ይባላል» አሉኝ። አራተኛው መጪ ጀልባ ሠሪው ነበር። ኬይዛን እውነተኛ ሰው ኖሮ አስቀድሞ «ልጄ ጉድለት አለባት፣ ግራኝ ናት» ብሎ ነገረው። ጀልባ ሠሪው «እኔ የጠየቅሁት ሚስት ነው እንጂ ቀኝ እጅ አይደለም» ብሎ መለሰለት። ወይዘሮ ታዜ ይህን ሲነግሩኝ ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ከዚያ ወደ ጓዳ አስገቡኝና የሩዝ ሣጥናቸውን ክዳን ገለበጡት። ከውስጥ በኩል አሮጌ ወረቀት ተለጥፎበታል። ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ የቀረው በጭስ ጠቁሯል። በቀረው ላይ ግን አንዲት ዝይ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ላባዋን ታበጥራለች፤ ከእግሯ ሥር ያሉት አገዳዎች ወደ ግራ ይሮጣሉ። ማኅተም የለውም። ጥጉ ላይ በቀጭኑ «ኦቶሴ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ» ይላል። ተንበርክኬ አለቀስሁ። ወይዘሮ ታዜ «ሩዙ እንዳይረጥብ ተጠንቀቂ» አሉኝ። ክዳኑን እንዲሸጡልኝ ብለምናቸው፣ «እና ሩዜን በምን ልክደነው? በባርኔጣሽ?» አሉ። በስስ ወረቀት ላይ ገልብጬ እንድወስደው ግን ፈቀዱልኝ። መጻፍ ስለማይችሉ ከግርጌው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። «ለሚጠይቅሽ ሁሉ ታዜ ሕያው ናት በይልኝ» ብለው ሸኙኝ።

በማግስቱ ቤቴ ስገባ የዝዮቹ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ሹሄይ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ በእጁ የእርስዎን ደብዳቤ ይዟል። «የበኩሩ ቃል ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔ ኖቶ ሳለሁ አቶ ኢናጋኪ መጥቶ ወስዷቸዋል፤ በማግስቱ ቀትር ላይ በወንዙ ዳር ባለው ምግብ ቤት አዳራሽ ገዢዎችን ጠርቶ ሊያሳያቸው ነው። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን አባባ እየሳቁ ሲተርቱት እሰማ ነበር፤ በቤታችን ሲፈጸም ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ይህንኑ አልሁት። ፊቱ ቀላ፣ ተነሥቶ ሄደ። ነጋዴው ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ዝዮቹን ሁሉ አልብሼ ጨርሻለሁ፤ የሣጥኖቹ ክዳን ግን ባዶ ነው።

በማግስቱ የቤታችን ምልክት ያለበትን የእማማን ጥቁር ኪሞኖ ለበስሁና ሄድሁ። አዳራሹ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ተቀምጠዋል። ዘጠኙ ዝዮች በተርታ ተሰቅለዋል። አቶ ኢናጋኪ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ወዲያው ግን ፈገግ ብሎ፣ «እነሆ የሃቺያ ቤት! ምስክራችን በእግሯ መጣች» አለ። ክዳኖቹን ከፊቴ ደርድሮ፣ ቀለም አስፈጭቶ፣ ብሩሽ አቀበለኝ። ሰው ፊት እንቢ አትለኝም ብሎ መሆን አለበት። ብሩሹን በቀኝ እጄ ተቀበልሁት። ቀለም ነከርሁ። ወደ ግራ እጄ አዛወርሁት።

በክዳኑ ፈንታ ወለሉ ላይ ወረቀት ዘርግቼ የሩዝ አገዳ ሣልሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ዐሥር፣ ሃያ፤ ሁሉም ወደ ግራ እየሮጡ። አንዱ «ሰርከስ መጣ እንዴ?» አለ፤ ሳቁ። ብሩሹን ወደ ቀኜ መልሼ ያንኑ ከጎኑ ሣልሁት። ከዚያ የወይዘሮ ታዜን ወረቀት አኖርሁና፣ ግራኝ የነበረች የኬይዛን ሴት ልጅ ሥራ ግልባጭ መሆኑን ነግሬ፣ «ከሦስቱ የትኞቹ ግድግዳው ላይ ያሉትን እንደሚመስሉ ዓይን ያላችሁ እዩ» አልኋቸው።

አቶ ኦኩሙራ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ የአኩሪ አተር ወጥ ማጣፈጫ ጠማቂ ናቸው፣ የኬይዛንን ሥዕል ከአባባ ጋር እየተሻሙ ሲገዙ ያረጁ። ወፍራም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በጉልበታቸው እየዳኹ ከእኔ ወረቀት ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ወረቀቱ ተመላለሱ። «ሠላሳ ዓመት» አሉ በመጨረሻ፣ «ሠላሳ ዓመት ኬይዛን ኬይዛን እያልኩ የሰገድኩት ለሴት ልጁ ኖሯል?» «ለልጁ ነው» አልኋቸው። አቶ ኢናጋኪ ከዚያ ወዲያ ትሕትናውን አውልቆ ጣለ። «ማኅተም የሌላት ሴት ሠዓሊ አትባልም! ስም የሌለው ሥዕልም የዓሣ መጠቅለያ ነው!» ብሎ ጮኸ።

እንዲህ ብዬ መለስሁለት፦ «ስም አላት። ኦቶሴ ትባላለች፤ አሁን ሰምታችኋል። አባቷ ማኅተሙን መታበት፣ እሷ ግን ሣለችው። በስሟ የሚገዛ ካለ ይምጣ፣ ከሌለም ይቅር። በአባቷ ስም ግን ከእንግዲህ አንዲት ላባ አትሸጥም። የሃቺያ ቤት የሚመሰክረው ይህን ነው።» ከዚያ ዝዮቹን ከግድግዳው አንድ በአንድ አውርጄ መጠቅለል ጀመርሁ። የከለከለኝ የለም። ግማሾቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። በስሟ የገዛም የለም፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

ውጭ ዶፍ ይዘንባል። ሹሄይ በሩ ሥር ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ የዝናብ ካፖርቱን አውልቆ ሣጥኖቹን ሸፈነና ተሸክሟቸው ፊት ፊቴ ሄደ። ቤት ስንደርስ ወለሉ ላይ በቀስታ አኖራቸው፤ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል። ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። ጨርሶ እንዳልጠላኝ በዚህ አወቅሁ፤ ማኩረፉን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ባሉት አምስት ሳምንታት። ይጻፉለት፣ ወንድም ጋሼ። ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማል።

አቶ ኦኩሙራ በሳምንቱ የራሳቸውን አንድ ኬይዛን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ ጥንቸል ነው። ዘርግተው «አባት ነው ልጅ?» አሉኝ። አገላብጬ አየሁትና አባት ነው አልኋቸው። «እርግጠኛ ነሽ? ይህችን ሣር ደግመሽ እያት እስቲ» አሉኝ። ደግሜ አየሁ፤ አባት ነው። ፊታቸው ወደቀ። እንዲህ አዝነው ሲወጡ ሳይ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

አባባ ያውቁ ነበር ወይ? እኔንም ሲከነክነኝ ከርሟል። ዘጠኙን ዝዮች ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካቸው አይፈቅዱም ነበር፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ቢያውቁ ኖሮ ይናገሩ ነበር ብዬ አልምልም። ምክንያቱን ልንገርዎ። እርስዎ ለማሪሊያ ሰዎች «የአባቴ ሥራ» እያሉ ፎቶግራፉን የሚያሳዩትን፣ ከጦርነቱ በፊት ለታላቁ ቤተ መቅደስ የለበሰውን ያን ትልቅ ሥዕል ያለበስሁት እኔ ነኝ። የአባባ እጅ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እኔ አለበስሁ፣ እሳቸው ማኅተም መቱ። ያን ጊዜ ቅር አላለኝም፤ የቤቱ ስም ነው ብዬ ነበር። አሁን ቅር ይለኛል። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ቅር አለኝ፤ ዘገየሽ አይበሉኝ። አባባን እንደ ድሮው እወዳቸዋለሁ፤ በየጠዋቱ ሩዝና ውሃ አቀርብላቸዋለሁ። ግን ቅር ብሎኛል፣ ይህንንም በፎቶግራፋቸው ፊት ነግሬያቸዋለሁ።

እንግዲህ የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የወጣው ሕግ ለሴት ልጅም እኩል ድርሻ ሰጥቷል። ዘጠኙ ዝዮች ድርሻዬ ናቸው። ዐሥራ ሰባቱ የእርስዎና የሹሄይ ናቸው። እውነተኛ የኬይዛን እጅ ስለሆኑ ምስክርነቴን በንጹሕ ልብ ጽፌ ሣጥናቸውን ዘግቻለሁ፤ ሹሄይ ሸጧቸው ልጁን ያስተምርባቸው፣ ለእርስዎም ይላክልዎ። «በኩር ነኝ» ላሉት በኩርነትዎን አከብራለሁ፤ አዲስ ዓመት ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሜ የምሰግደው ለእርስዎ ነው። ድርሻዬን ግን አላስረክብም። በዘጠኙ ክዳን ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ዝዮች። የሣለቻቸው ኦቶሴ። ያለበሰቻቸው ኪኑዮ ሃቺያ።» ቀለሙ ደርቋል፤ የእንጨት ላይ ጽሑፍ በመፋቅ እንጂ በመታጠብ አይለቅም።

አሁን እሑድ እሑድ የሥራ ቤቱን በር ከፍቼ ሦስት ሦስቱን እሰቅላቸዋለሁ። የሚመጣው ሰው ብዙ አይደለም፤ አንዲት አስተማሪ፣ የጎረቤት ሴቶች፣ ከዝናብ ሊጠለል የገባ የትራም ነጂ። ባለፈው እሑድ ሸርጣን የምታዞረው ሴትዮ ቅርጫቷን እንደተሸከመች ገባች። ዝዮቹን ትኩር ብላ አየቻቸውና፣ «እነዚህን ሌቦች አውቃቸዋለሁ! የአባቴን ማሳ የጨረሱት እነሱ ናቸው!» አለች። ማን ሣላቸው ብትለኝ ነገርኋት። «ኦቶሴ» አለች፣ ደግማ «ኦቶሴ» አለች፣ ሸርጣኗን ሸጣልኝ ሄደች። ትናንት አዲስ ፖስተኛ ከወሩ ቀድሞ የደረሰውን የእርስዎን የገና ካርድ ሊሰጠኝ መጥቶ፣ «የሃቺያ ቤት የት ነው ብል ማንም አላወቀልኝም። ኋላ ዓሣ ሻጮቹ የኦቶሴን ዝዮች ቤት ነው የምትፈልገው ብለው አመለከቱኝ» አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ ስሟ ገበያ ወጥቷል። እርስዎ ቢያዝዙም፣ እኔ ብታዘዝም፣ ከእንግዲህ የሚመልሰው የለም።

ለእትዬ ፉሚኖ እጅ ነሥቻለሁ፤ ለዓይናቸው የሚሆን የደረቀ ቅጠል በሌላ ጥቅል ልኬያለሁ፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ይታጠቡበት። ለታላቁ ልጅዎ ለሃሩማሳ፣ ለሚስቱና ለአማቾቹ ሰላምታዬ ይድረስ። ለሴት ልጅዎ ለዮኔና ለሦስቱ ሴት ልጆቿ በጥቅሉ ውስጥ አንድ አንድ የሐር ቁራጭ አለ፤ እንዳይጣሉ ቀለሙ አንድ ነው። ምላሱን ያወጣውን ትንሹን ጉንጩን ሳሙልኝ፣ ምላሱንም እንዳያስገባ ንገሩልኝ። ለጎረቤታችሁ ለካናዛዋው ልጅ ለአቶ ኖጂም የአገሩ ወንዝ ሙሉ ነው በሉልኝ።

ቁጣዎንም ቢሆን ይጻፉልኝ። ቁጣ በመርከብ አርባ አምስት ቀን ይጓዛል፤ እስኪደርሰኝ ይበርድ ይሆናል። ባይበርድም ሻይ አፍልቼ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ፤ መልሴ ግን ይኸው ነው።

አክባሪ እህትዎ፣
ኪኑዮ ሃቺያ፣ ሥዕል አልባሽ

ካናዛዋ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1957